እስከ ድሬዳዋ የማይሞቅ መኪና

በዘጠኝ ዓመቴ አንድ ሰው ገድያለሁ። ሰውየው ድሬዳዋ ነበር፤ እኔ አዲስ አበባ፣ ከራስ መኮንን ድልድይ ወረድ ብሎ ባለው ግቢያችን ውስጥ። መልኩን አይቼ አላውቅም፤ እሱም ሙሉዓለም የምትባል ልጅ በዚህ ዓለም ላይ መኖሯን አልሰማም። በክፋት ያደረግሁት አይደለም፤ እንዲያውም ያን ቀን ከሰፈሩ ሰው ሁሉ ደግ እኔ ብቻ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። ጥፋቱን ሁሉ በእኔ ላይ እንዳታላክኩ ግን ከመኪናው ልጀምር።

ጊዜው 1955 ዓ.ም. ጥር ላይ ነው። አባቴ ፈቀደ መካኒክ ነበር። ጋራዡ ቆርቆሮ የለበሰ ዳስና አንድ ሰፊ የአፈር ሜዳ ነው፤ ከጎኑ የልብ ጓደኛው ጋሽ አብዱልሃሚድ ጎማና የመኪና ዕቃ ይሸጣል። ሁለቱ ሲከራከሩ እንጂ ሲስማሙ ሰምቼ አላውቅም፤ ነገር ግን አንዱ ሳይመጣ ሌላው ሻይ አይጠጣም። ታዲያ ጋሽ አብዱልሃሚድ አንድ ቀን ጉድ ገዝቶ መጣ። ወፍ ለመቁጠር አገር ላገር ሲዞር የነበረ ፈረንጅ ወደ አገሩ ሲመለስ የለቀቀለት አሮጌ ቮልስዋገን ነው። ውስጡ አልጋ አለው፣ መጋረጃ አለው፣ እጅ መታጠቢያ አለው፣ ባለ ሁለት አፍ የጋዝ ምድጃ አለው። የፒያሳ ሰው እየመጣ ያየዋል። አንዱ «የሚከራይ ክፍል አለ ወይ?» ይላል፤ ሌላው በሩን አንኳኩቶ «ቤቶች!» ብሎ ይሮጣል።

ከሁሉ የገረመን ግን በግራ መስኮቱ ላይ የተንጠለጠለው የቆርቆሮ ሳጥን ነው። ሳጥኑ በቀጫጭን የእንጨት ፍቅፋቂ ተሞልቷል። ከላይ ውሃ ይንጠባጠብበታል፤ በባትሪ የምትሠራ ማራገቢያ ደግሞ የውጪውን ነፋስ በእርጥቡ ፍቅፋቂ መሐል እየሳበች ወደ ውስጥ ትነፋለች። ፈረንጁ በአፋር በረሃ ቀን ቀን የሚተኛው በዚህ ሳጥን ነበር አሉ። አባባ ሳጥኑን ከፈተ፣ አሸተተ፣ ፊቱን አጨማደደ።

«ይኼ ከተበላሸ ቆይቷል። ቢሆንም አሠራዋለሁ» አለ።

አዲስ አበባ ላይ፣ ሰው በጋቢ ላይ ጋቢ በሚደርብበት ከተማ፣ መኪና ማቀዝቀዝ ለማን ይጠቅማል? ጠየቅሁት። «ሂጂ ተጫወቺ» አለኝ። በቤታችን ሂጂ ተጫወቺ ከተባለ ነገር አለ ማለት ነው። ሄድኩ፤ ግን የሄድኩት ከተቆለሉት ጎማዎች ኋላ ድረስ ብቻ ነበር።

«እስከ ድሬዳዋ መሞቅ የለበትም» አለ አባባ። «በተለይ አዋሽ ላይ። እዚያ ሙቀቱ ከያዘን አለቀልን።»

«በባቡሩስ?»

«ለገሃር ዓምደሚካኤል ቁጭ ብሎ? ትኬቱ ሳይቆረጥ ይሰማል።»

«እሱማ እንዳይሰማ! ወላሂ ከሰማ ነገሩ ሁሉ ይበላሻል።»

«ከየት ይሰማል? ጾሙ ከመግባቱ በፊት እንጨርሰዋለን። ቄሱም ተነግሯቸዋል። ሁሉም ካለቀ በኋላ ሽማግሌዎች በማለዳ ይላኩበትና በወጉ ይነገረዋል።»

«ተክላይስ?»

«ተክላይ ምን ምርጫ አለው? እዚያው ሆኖ ይጠብቀናል።»

ዓምደሚካኤል ማለት በአንድ ግቢ የምንኖር የእትዬ የሺዓለም ብቸኛ ልጅ ነው። ሃያ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ለገሃር ትኬት ይቆርጣል። ጫማው ያብረቀርቃል፣ ሲመጣ ያፏጫል፣ ኪሱ ከረሜላ አያጣም። እኔ ካደግሁ በኋላ ላገባው ወስኜ ነበር፤ ለሱ ገና አልነገርኩትም እንጂ።

እንግዲህ አስቡት። በእኛ አገር ሰው ሲሞት ለባለ ሐዘኑ ወዲያው አይነገረውም። መንደሩ ሁሉ ያውቃል፤ እሱ ብቻ አያውቅም። ሲስቅ እያዩት ይስቁለታል፣ ምሳውን ሲበላ እያዩ ይመርቁታል፤ በማለዳ ሽማግሌዎች ነጠላቸውን አደግድገው በሩን ያንኳኳሉ። የእናቴ ወንድም የሞተ ጊዜ እናቴ ቀኑን ሙሉ እየዘፈነች ልብስ ስታጥብ ዋለች። እኔ አውቅ ነበር። ግቢው ሁሉ ያውቅ ነበር። በማግስቱ መርዶው ሲነገራት ከጮኸችው ጩኸት ይልቅ የቀን ዘፈኗ ነው እስከ ዛሬ ልቤን የሚበላኝ። ያኔ ሰባት ዓመቴ ነበር፤ ሁለተኛ እንዲህ ያለ ነገር አይቼ ዝም ላልል ለራሴ ምዬ ነበር።

ስለዚህ ነገሩ ሁሉ ገጠመልኝ። ተክላይ የሚባል የጋሼ ዓምደሚካኤል ዘመድ ድሬዳዋ ሞቷል። ሬሳው እዚያ እየጠበቀ ነው። አባባ አልጋ ባለው መኪና ሊያመጣው ነው፤ በረሃው ላይ እንዳይሞቅ መቀዝቀዝ አለበት። ለጋሼ ዓምደሚካኤል የሚነገረው ከቀብሩ በኋላ ነው። ደግሞ በዚያው ሳምንት እትዬ የሺዓለም ከገበያ ሲመለሱ ከጎመኑ ሥር አንድ ጣቃ ነጭ ጨርቅ ደብቀው ሲያስገቡ አየሁ። መግነዝ ነው አልኩ። በሩን ዘግተው ሲሰፉ የስፌት መኪናቸው እስከ እኛ ቤት ይሰማ ነበር።

እናንተን ግን አላሳስታችሁም። እውነቱ፣ እትዬ የሺዓለም ሊያገቡ ነበር።

ባላቸው ከሞቱ አሥራ አንድ ዓመት ሆኗቸዋል። ከአራት ዓመት በፊት ለቁልቢ ንግሥ በባቡር ሲሄዱ ሙቀቱ ጥሏቸው ድሬዳዋ ጣቢያ ላይ ወደቁ፤ ከጥገና ክፍል ሮጦ መጥቶ ውሃ ያጠጣቸው ባለሙያ ነው ተክላይ። ሚስቱ የሞተችበት ሰው ነበር። ደብዳቤ በአባባ ስም ይመጣል፣ መልሱ በአባባ ስም ይሄዳል። ሦስት ጊዜ «እንጋባ» ብሎ ሦስት ጊዜ «ትንሽ እንቆይ» ብለውታል፤ ምክንያቱም ልጃቸው ባባቱ ሙት ዓመት ላይ፣ በሰው ፊት፣ «በአባቴ ወንበር ሌላ ወንድ ከተቀመጠ እኔን አታገኙኝም» ብሎ ነበር። በመጨረሻው ደብዳቤ ተክላይ «ከዚህ ጾም በፊት ካልሆነ ይቅር፤ እኔም እያረጀሁ ነው» ብሎ ጻፈ። ልባቸው ደካማ ስለሆነ ሐኪም ከበረሃው ሙቀት ይጠበቁ ብሏል፤ በባቡር እንዳይሄዱ ልጃቸው ለገሃር ነው። የቀረው ያ ሳጥን ብቻ ነበር።

የመጀመሪያው ፈተና በቀትር ሆነ። አባባ መኪናውን ፀሐይ ላይ አቆመው። ሙቀት የሚለካበት መሣሪያ ስላልነበረው ከእናቴ ጓዳ እንቁላል የሚያህል ቅቤ አስመጣ፤ በስኒ ማስቀመጫ አድርጎ አልጋው ላይ አኖረውና በሩን ዘጋ። ማራገቢያዋ ጮኸች። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሲከፈት ጋሽ አብዱልሃሚድ ጎንበስ ብሎ አየና «ሽንኩርቱ የታለ?» አለ።

ከዚያ በኋላ ሁለቱ ሌላ ሥራቸውን ሁሉ ተዉ። ፍቅፋቂው የበረሃ አቧራ ጠጥቶ እንደ ጡብ ደርቆ ስለነበር አውጥተው ጣሉት፤ በምትኩ ከሱሉልታ ከሚመጡት ሣር ሻጮች አንድ ሸክም ሰንበሌጥ ገዝተው፣ ሰነጣጥቀውና አፍታተው ሞሉት። ውሃ የሚንጠባጠብባቸው ቀዳዳዎች በዝገት ተደፍነው ኖሯል፤ እናቴ በወስፌ አንድ በአንድ ከፈተቻቸው። አባባ ማራገቢያዋን ፈታታት፣ በቤንዚን አጠባት፣ በወፍራም ሽቦ በቀጥታ ከባትሪው ጋር አገናኛት። ጣሪያውንም ኖራ ቀቡት፤ ጥቁር ነገር ፀሐይ ይጠጣል፣ ነጭ ይመልሳል ብሎ። እኔ በኋላ ሠላሳ አንድ ዓመት ፊዚክስ ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ እስከዚህ ድረስ ለአባቴ ሙሉ ማርክ እሰጠዋለሁ።

የተሳሳተው ከዚህ ቀጥሎ ነው፤ የተሳሳተውም ያገሩ ልጅ ስለሆነ ነው። እኛ ከጅብ ይልቅ በመስኮት የሚገባ ንፋስ የምንፈራ ሕዝብ ነን። አውቶቡስ ውስጥ ስልሳ ሰው ታጉሮ አንዱ ጣት የምታስገባ ያህል መስኮት ቢከፍት ስልሳውም በአንድ አፍ «ዝጋው!» ይላል። ስለዚህ ቅቤው አሁንም ሲቀልጥ የሁለቱም ሐሳብ አንድ ሆነ፦ ቅዝቃዜው እየሾለከ ነው! በዕድሜያቸው ሲስማሙ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው። የበሩን ጠርዝ በአሮጌ የጎማ ካላማዳሪያ ቁራጭ፣ የመስኮቶቹን ዙሪያ በጨርቅ ጠቀጠቁት። ነፍስ አይገባበትም፣ ነፍስ አይወጣበትም።

እትዬ የሺዓለም እንዲሞክሩት ተጠሩ። ነጠላቸውን ተከናንበው ገቡና አልጋው ላይ ተቀመጡ። አሥር ደቂቃ አልሞላም፣ በሩን ከውስጥ ደበደቡት። ሲወጡ ፀጉራቸው ግንባራቸው ላይ ተለጥፏል።

«ፈቀደ፣ ይኼ ፍል ውሃ ነው እንጂ መኪና ነው?»

«እትዬ የሺ፣ ምናልባት አንዱን መስኮት ገርበብ ብናደርገውና ቢሞክሩት…»

«ንፋስ? ላብ ላዬ ላይ እያለ? አንተ ልጅ፣ ጤና የለህም?»

አባባ አፍሮ የመስኮቱን ጨርቅ ጠበቅ አደረገ። እሱም ቢሆን ከልቡ አላለውም።

እኔ ደግሞ የሬሳውን ጉዳይ ከጎማ ኋላ ሆኜ መስማቱ አላረካኝም። በማግስቱ ለፈተና ቅቤውን አስቀምጠው ውሃ ሊቀዱ ዞር ሲሉ ሹልክ ብዬ ገባሁና ከአልጋው ሥር ተጋደምኩ። በሩ ተዘጋ። ማራገቢያዋ ተነሣች። ከውጪ፣ ከመኪናው ጥላ ሥር፣ ድምፃቸው ይሰማኛል።

«ተክላይ ከጾሙ ካለፈ ይቅር ብሏል» አለ አባባ።

ሬሳ እንዴት እንዲህ ይላል ብዬ ልገረም ይገባኝ ነበር፤ ነገር ግን ያኔ በመቀቀል ላይ ነበርኩ። አየሩ እርጥብ ጨርቅ ሆኖ አፌ ላይ ተለጠፈ። ሞት ከመጣማ ከተክላይ ይልቅ እኔን ይቀድማል ብዬ ከአልጋው ሥር ወጣሁ፤ በቀኝ በኩል ከመጋረጃው ኋላ ያለችውን ትንሽ መስኮት ጨርቋን ነቅዬ አንድ ጋት ያህል ከፈትኳት። ወዲያው ከግራ የገባው ነፋስ ፊቴን አልፎ ሽው ብሎ ወጣ። ደስ አለኝ። ደስ ሲለኝ ደግሞ ይርበኛል፤ ቅቤውን በጣቴ ዛቅ አድርጌ ቀመስኩት። ጋሽ አብዱልሃሚድ ለሶላት፣ አባባ ለሻይ ሲሄዱ መስኮቷን ዘግቼ፣ ጨርቋን መልሼ ወጣሁ።

ሲመለሱ በሩን ከፈቱ። ቅቤው እንዳለ ቁጭ ብሏል። አባባ በጣቱ ተጫነው፤ አልሰመጠም። ጋሽ አብዱልሃሚድን ግንባሩን ሳመው።

«ቆይ፣ ይኼን ማን ነካው?» አለ ጋሽ አብዱልሃሚድ የጣቴን ምልክት እያየ።

«ድመት ይሆናል።»

«እኛ በጠቀጠቅነው መኪና ድመት በየት ይገባል? ጅኒ ካልሆነ።»

«ጅኒም ይሁን፣ ቀዝቅዟል!»

በማግስቱ እትዬ የሺዓለም ባሉበት ድጋሚ ተሞከረ። ቅቤው ወጥ ሆነ። እንደገና ሰንበሌጡ ተቀየረ፤ ቅቤው ቀለጠ። ኖራው ተደረበ፤ ቀለጠ። አባባ ምሳ መብላት ተወ። እኔ ደግሞ ምክንያቱን አውቀው ነበር፤ ማለት የማውቀው ይመስለኝ ነበር። ያን ቀን ቅቤው የጠነከረው እኔ ስለሰረቅሁት ነው፤ ካልሰረቅሁት ይቀልጣል። ይህን ለመናገር ግን ከአልጋው ሥር ገብቼ እንደነበር ማመን ነበረብኝ፤ ለዚያ ደግሞ የአባባ ቀበቶ ይጠብቀኛል። ዝም አልኩ። መስኮቷ ትዝ እንኳ አላለችኝም።

ጾሙ ሊገባ ስድስት ቀን ሲቀረው፣ ማክሰኞ ረፋዱ ላይ፣ እትዬ የሺዓለም ጋራዡ መጡና ከጎማው ላይ ተቀመጡ።

«ይቅር ፈቀደ። እኔም ሰልችቶኛል፣ አንተም ሥራ ፈታህ። አምላክ ካላለው አላለውም» አሉና በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ።

አባባ መፍቻውን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። እኔ ከጎማው ኋላ ሆኜ የእሳቸውን እንባ አየሁ። ለሬሳው ነው አልኩ። ሊያመጡት ስላልቻሉ እዚያው ሊቀበር ነው፤ ልጃቸው ደግሞ አያውቅም።

በምሳ ሰዓት ጋሼ ዓምደሚካኤል እያፏጨ መጣ። ከረሜላ ሰጠኝ። ወደ አፌ ላስገባው አልቻልኩም።

«ምነው ሙሉዬ? ጣፋጭ ጠላሽ?»

«ጋሼ ዓምዴ፣ አትደንግጥ።»

«እሺ፣ አልደነግጥም።»

«ተክላይ ሞቷል።»

«የቱ ተክላይ?»

«የድሬዳዋው፣ ዘመድህ። እነ አባባ በቀዝቃዛው መኪና ሊያመጡት ነበር፣ ሳጥኑ እምቢ አለ። እትዬ የሺ መግነዙን ሰፍተዋል። ላንተ ሲያልቅ በማለዳ ነው የሚነገርህ። እኔ ግን አሳዘንከኝ።»

ፉጨቱ ጠፋ። ተክላይ የሚባል ዘመድ እንደሌለው ያውቃል፤ ነገር ግን ሰው ሁሉ ሰሞኑን እሱን ሲያይ ወሬ እንደሚያቋርጥም ያውቃል። ቤቱ ገባ። እትዬ የሺዓለም ልብስ እየተኮሱ ነበር። በሩ ላይ ቆሜ ሰማሁት፦

«እማዬ፣ ተክላይ የሚባል ሰው ሞቶብናል እንዴ?»

ካውያው ሲወድቅ ተሰማኝ። ቀጥሎ የተሰማውን ግን መላው ፒያሳ ሳይሰማው አልቀረም።

«ተክላይዬ! ወየው ተክላይዬ!» እትዬ የሺዓለም ነጠላቸውን ጥለው ግቢው መሐል ወጡ። «በቁልቢ መንገድ ውሃ ያጠጣኸኝ! አራት ዓመት የጠበቅኸኝ! ነገ ዛሬ እያልኩ የቀጠርኩህ፣ ነጩን ቀሚሴን ሰፍቼ፣ ሳንሳሳም የቀረህብኝ!»

ያገራችን ለቅሶ ምንም አይደብቅም። አልቃሿ የሟቹን ታሪክ ከሀ እስከ ፐ ትዘረዝረዋለች፤ እትዬ የሺም ዘረዘሩት። ጎረቤት እንደ ወጉ መጀመሪያ አለቀሰ፣ ማን እንደሞተ ለኋላ አቆየው። አንዲት ከማዶ ግቢ የመጣች ሴት «ወንድሜን! ወንድሜን!» ብላ ደረቷን እየደቃች በመሐሉ ወደ እናቴ ዞር ብላ «ማን ነው?» አለቻት። አባባና ጋሽ አብዱልሃሚድ እየሮጡ መጡ። እነሱም አመኑ! አባባ የሟቹን ደብዳቤዎች ያነበበ ሰው ነውና ራሱን ይዞ አለቀሰ። አግዳሚ ወንበር ወጣ፣ ሰው ተቀመጠ። ጋሼ ዓምደሚካኤል ግቢው መሐል ቆሞ እናቱን ያዳምጣል። አራት ዓመት የተደበቀውን ሁሉ በሩብ ሰዓት ሰማው። ሰዎች እየመጡ «እግዜር ያጽናህ» ይሉታል፤ እሱም «አሜን» ይላል። ትንሽ ቆይቶ ሳየው የለም።

የሄደው ለገሃር ነበር። ራሱ ከዓመታት በኋላ እንደነገረኝ፣ በባቡሩ ስልክ ድሬዳዋን ጠርቶ የጥገናውን ክፍል አገናኙኝ አለ። አንድ ጎርናና ድምፅ አነሣ።

«ተክላይ የሚባለው ሠራተኛችሁ መቼ ነው የሞተው?»

«እስካሁን አልሞትኩም ጌታዬ። ማን ልበል?»

«የየሺዓለም ልጅ ነኝ።»

ከዚያ ሰውየው አሳለውና «እንግዲያስ አሁን መሞቴ ነው» አለ።

ጋሼ ዓምደሚካኤል በታክሲ ተመልሶ ግቢው ሲገባ ለቅሶው ገና ትኩስ ነበር። ከእናቱ ፊት በርከክ አለ።

«እማዬ፣ በቃ። አልሞተም። አሁን አነጋግሬው መጣሁ።»

የማዶዋ ሴት አፏን እንደከፈተች ቀረች። እትዬ የሺዓለም ልጃቸውን ትኩር ብለው አዩት።

«በእውነት?»

«በእውነት። ሳል ይዞታል እንጂ ደኅና ነው።»

«ሳል?» አሉ እትዬ የሺ ብድግ ብለው። «ሳል ከየት መጣ? መስኮት ከፍቶ እየተኛ ነው! ስንት ጊዜ ጽፌለታለሁ!»

አንድ ሰው ሳቀ። ከዚያ ግቢው ሁሉ ሳቀ። ጋሼ ዓምደሚካኤል ግን አልሳቀም። እንደተንበረከከ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ እንዲህ አለ፦

«እማዬ፣ ያንቺ ደስታ ለኔ መርዶ ነው እንዴ? እንደ መርዶ የደበቃችሁኝ?»

«ፈራሁህ ልጄ» አሉ። «እናት ሆኜ ልጄን ፈራሁህ።»

ያኔ አለቀሰ። ያ ሁሉ ለቀስተኛ ከምሳ ሰዓት ጀምሮ ያላፈሰሰውን እንባ ብቻውን አፈሰሰው፤ እሳቸውም ራሱን አቅፈው «እኔ ልሙትልህ፣ ዝም በል፣ ይቀራል» ይሉት ጀመር። «አይቀርም!» አለ በእንባው መሐል፣ ልክ እንደ ልጅ። «ማን ይቀራል አለ? እኔው ራሴ ነኝ የምወስድሽ።»

ሰው ሲበተን አባባ መርማሪ ሆነ። ጣቶች ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ።

«ከየት ሰማሽ?»

«ከአልጋው ሥር።»

«የቱ አልጋ?»

«የመኪናው። ቅቤው ያልቀለጠ ቀን። የቀመስኩትም እኔ ነኝ፣ ድመት አይደለም።» አንዴ ከጀመርኩ አልቆምም።

አባባ ቀበቶውን መፍታት ጀመረ። ጋሽ አብዱልሃሚድ ግን እጁን ያዘው።

«ቆይ ፈቀደ። አንቺ፣ በዚያ እንፋሎት ውስጥ ግማሽ ሰዓት ሙሉ እንዴት ሳትታፈኚ ቀረሽ?»

«መስኮቷን ከፈትኳት።»

ሁለቱ ተያዩ። አባባ ወገቡ ላይ የተንጠለጠለውን ቀበቶ ረስቶ ወደ ጋራዡ ሮጠ። ቅቤ ተጠየቀ፤ እናቴ «ዶሮ ወጤን በምን ልሠራ ነው?» እያለች የመጨረሻውን ሰጠች። ከሳጥኑ ፊት ለፊት ያለችው የቀኝ መስኮት አንድ ጋት ተከፈተች። ነገሩ ቀላል ነው። ሰንበሌጡን አልፎ የገባው ነፋስ እርጥበቱን ይዞ የሚወጣበት በር ከሌለው መኪናውን ሻወር ቤት ያደርገዋል፤ ከወጣ ግን ደረቁ እየገባ እርጥቡ እየወጣ ያቀዘቅዛል። ይህን ለተማሪዎቼ ስንት ጊዜ ሣልኩላቸው! ያን ቀን ግን ቅቤው በከሰዓቱ ፀሐይ ድንጋይ ሆኖ ሲወጣ ያወቅሁት ቀበቶው መቅረቱን ብቻ ነበር።

እትዬ የሺዓለምን ማሳመኑ ከማሽኑ ባሰ። «በላብ ላይ ንፋስ» ይላሉ። በመጨረሻ ልጃቸው «እኔ በመስኮቷ በኩል እቀመጣለሁ፤ ንፋሱ የሚመታ ከሆነ እኔን ይምታኝ» ሲል እሺ አሉ። ሐሙስ ማለዳ አባባ መሪውን ያዘ፣ ጋሽ አብዱልሃሚድ የውሃ ጀሪካኖቹን ይዞ ከጎኑ ተቀመጠ፣ እናትና ልጅ ከኋላ። እሁድ ተጋቡ፤ ሰኞ ጾም ገባ። ሰፈሩ ሁሉ ሳምንቱን ሙሉ «ሙት አገባ» እያለ ሳቀ።

ጋሼ ዓምደሚካኤል ረቡዕ በባቡር ብቻውን ተመለሰ። እናቴ አንድ ሰሐን ሽሮ ከእንጀራ ጋር አስያዘችኝና አድርሺለት አለችኝ። ገባሁ። ቤቱ ጸጥ ብሏል፤ ከእናቱ ጋር የሄደችው የስፌት መኪና ቦታ ባዶ ነው። እሱ ጫማውን ሳያወልቅ ከአባቱ ወንበር አጠገብ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። በዘጠኝ ዓመት ልቤ ያኔ ነው የገባኝ፤ የሞተ ሰው ባይኖርም ይህ ሰው ሰው ጎድሎበታል። አላገባውም ያልኩት ግን ያን ቀን አይደለም፤ ያ ትንሽ ቆይቶ ነው።

ሰሐኑን አየና «ለቀስተኛ ነኝ እንዴ ምግብ የምታመጡልኝ?» አለኝ።

«አይደለህም። ብቻህን ስለሆንክ ነው።»

«ነይ እንግዲህ፣ አብረን እንብላ።»

በላን። ሁለት ሦስት ጊዜ ከጎረስን በኋላ ትክ ብሎ አየኝ፤ የድሮው ሳቁ በከንፈሩ ጥግ መጣ።

«ሙሉዬ፣ በዚህ ሰፈር ሁሉም አውቆት እኔ ብቻ ያልሰማሁት ሌላ ነገር ካለ አሁኑኑ ንገሪኝ። ሌላ የሞተ አለ?»

አሰብኩ። «የሞተ የለም» አልኩት። «ግን እዚህ ፒያሳ ኬክ ቤት፣ ባንኮኒው ጋ የምትቀመጠው አስካለ ሁልጊዜ እናቴን ስላንተ ትጠይቃታለች። ምሳ በልቷል ወይ፣ ዛሬ አልፏል ወይ፣ የቱን ኬክ ይወዳል። ለሱ እንዳትነግሪው ተብያለሁ።»

ጉርሻው አፉ ጋ ሲደርስ ቆመ።

«ከመቼ ጀምሮ?» አለኝ።